የታሸገው የውሃ በር

በነሐሴ ውሃ የለመነ ሰው በአምባዬ መንደር አልነበረም። ሰማዩ ቀን ከሌት እየደፋ ገበሬው «በቃኝ» ሲል በከረመበት ወር፣ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት፣ የጥቁር ውሃ ግድብ ቦይ ድንገት ሞልቶ ወጣና የአራት ሰው ጤፍ አስተኛ። ባለጤፎቹ ማንን እንደሚረግሙ እየተማከሩ ቦዩን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። ከመታጠፊያው ሲደርሱ ግን እርግማኑ ከአፋቸው ላይ ቀረ። ከሸምበቆው ሥር የግድቡ ጂኦሎጂስት ወንዳወቅ በደረቱ ተደፍቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ገነነ ከቡሬ ተነሥቶ፣ መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራበት፣ ረፋድ ላይ ደረሰ። ገነነ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ከማሰር መፍታት የሚቀናው» እየተባለ ይታማል። ሐሜቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሦስት ዓመት በፊት ፈረስ ቤት ከተማ ላይ አንድ ገበሬ በስሕተት አስሮ ነበር፤ ሰውየው ሰባት ወር ቆይቶ ነጻ ሲወጣ በሬዎቹ ተሸጠው፣ ሚስቱም ወደ ወላጆቿ ተመልሳ አገኘ። ከዚያ ወዲህ ገነነ የታሰረ ሰው ባየ ቁጥር መዝገቡን ደግሞ ያነባል።

ሬሳውን ዞሮ ዞሮ አየው። ከማጅራቱ በላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል። እግሩ ባዶ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል። ገነነ ይህን ሁሉ በትንሽዬ ደብተሩ ጻፈና ወደ ግድቡ ወጣ።

የግድቡ የውሃ በር እስከ ጫፉ ተከፍቶ ውሃው እያገሳ ይወርዳል። ከበሩ በላይ ባለችው የመቆጣጠሪያ ክፍል አንድ ግራጫ የብረት ሳጥን አለ፤ ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ተቆርጧል። መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ የሚያወርዱበት ማዞሪያ ብረትም ከቦታው የለም።

«ይህ በር ሰው አይፈልግም» አለው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ክንፈሚካኤል፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ። «ሐይቁ ውስጥ ያለው መለኪያ የውሃውን ከፍታ ለሳጥኑ ይነግረዋል፣ ሳጥኑ ሞተሩን ያዘዋል። አሥራ ስምንት ሜትር እስኪሞላ ይዘጋል፣ ሲያልፍ ይከፍታል። እኛ ቁጥሩን መስጠት ብቻ ነው።»

«ዛሬ አሥራ ስምንት ደርሶ ነበር?»

«አሥራ አራት እንኳ በቅጡ አላለፈም!»

«ታዲያ ማን ከፈተው?»

ክንፈሚካኤል በአገጩ ወደ በሩ ዘበኛ አመለከተ። አያ ሐብቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። ግድቡ ሳይሠራ በፊት የአምባዬ የውሃ አባት ነበሩ፤ የቦዩን ተራ ያደላድሉ፣ የተጣላውን ያስታርቁ ነበር። ግድቡ ሲመጣ ሹመታቸው ቀረና የዘበኛ ካፖርት ተሰጣቸው። የመቆጣጠሪያው ክፍል ቁልፍ በእጃቸው ነው፣ ሌሊቱን እዚሁ ያደሩትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ገነነ ሳጅን ክንዱን ጠርቶ ሰም አስቀለጠ። በሩን እንደተከፈተ፣ ሳጥኑንም ገመዱ እንደተቆረጠ አሸገው።

«ምርመራው እስኪያልቅ ከዚህ አንዲት ብሎን የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው ነገሩ» አለ።

«ውሃው እየሄደብኝ እኮ ነው!» ጮኸ ክንፈሚካኤል። «ከአዲስ ዓመት ማግስት ምርቃት አለ። እንግዶቹን ባዶ ገደል ላሳያቸው?»

አያ ሐብቴ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። ቀዩን ሰም ትኩር ብለው አዩት።

«ይህ ነገር እስከ መቼ ይቆያል፣ ጌታው?»

«ነገሩ እስኪጣራ።»

«እስኪጣራ» ብለው ደገሙና እንደገና ውሃውን ማየት ቀጠሉ። ገነነ ይህችንም ጻፋት። ጥፋተኛ ነው ቀን የሚቆጥረው፣ ሲል አሰበ።

*

ቡሬ ጣቢያ ውስጥ የታሰሩት አያ ሐብቴ ድንጋይ ሆኑ።

«አያ ሐብቴ፣ ሊነጋጋ ሲል የት ነበሩ?»

«ዘበኛ የት ይሆናል።»

«ወንዳወቅ መጥቶ ነበር?»

ዝም።

«እርስዎ ገደሉት?»

ዝም።

«አልገደልሁትም ይበሉኛ!»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «እኔ የምለው የለኝም፣ ልጄ። አንተ ሥራህን ሥራ። ደግሞ አትቸኩል።»

ገነነ በሃያ ዓመት ሥራው የሚዋሽ፣ የሚያለቅስ፣ የሚምል፣ የሚሳደብ እስረኛ አይቷል። አትቸኩል የሚል ግን አልገጠመውም። ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ሳንባው ውስጥ ውሃ አገኘ፤ ጭንቅላቱ ከተመታ በኋላ ቦዩ ውስጥ ነው የሞተው። ማን መታው ለሚለው ሐኪሙ መልስ የለውም።

ከሰዓት በኋላ አለቃው ኮማንደር ይሄይስ ከፍኖተ ሰላም ደወለ።

«ገነነ፣ ከቻልህ ገዳይ አምጣ። ካልቻልህ አደጋ ነው በል። ብቻ ከጳጉሜ በፊት አንዱን አምጣልኝና በሩ ይዘጋ። ከላይ እየጠየቁኝ ነው።»

«ሽማግሌው አልተናገሩም፣ ጌታዬ።»

«ካልተናገሩ በዚያው ወደ እኛ ላካቸው። እዚህ ይናገራሉ።»

ገነነ ስልኩን ዘጋ። እዚያ እንዴት እንደሚያናግሩ ያውቃል። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ያን የሚችል አልመሰለውም።

*

አምባዬ ከሐይቁ ዳር፣ ከቀይ ጎራ ሥር የተሰበሰበች የአርባ አባወራ መንደር ናት። የአያ ሐብቴ ቤት ከጎራው ተረከዝ ላይ ነው። ገነነ ቤቱን ሲፈትሽ የሰፈሩ ሽማግሌ መሪጌታ ገብረ ሕይወት በምስክርነት ቆሙ። ባለቤትየዋ ንግሥቴ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

ሳጅን ክንዱ ጎታው ውስጥ እጁን እስከ ብብቱ አስገባና ከገብሱ ሥር አንድ ረጅም ብረት ጎትቶ አወጣ። የበሩ ማዞሪያ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው፣ እሜቴ?» አላት ገነነ።

«ብረት ነው» አለች ንግሥቴ።

«ብረትነቱንማ አየሁት። ምን ያደርጋል ጎታ ውስጥ?»

«እሱን እሱ ይንገርዎ። እኔ ገብስ ነው ያስቀመጥሁ።»

ብረቱ ላይ ደም የለም፣ ጠጉርም የለም። ግን ጎታ ውስጥ ተደብቆ የተገኘ ብረትና አፉን የዘጋ ዘበኛ ባንድ ላይ ሲታዩ፣ ደም ባይኖርም የሚያሰቅሉ ይመስላሉ። ገነነ ከፋው።

መሪጌታ ሲሸኙት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐብቴ ያን ልጅ አይገድለውም። ልጁ እኮ የዚህ ቤት ልጅ ነበር። ያለፈው ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ታቦታችን ሲነግሥ፣ ከማለዳ እስከ ማታ ከሐብቴ ቤት አልወጣም። ጓደኞቹ ሲጣሩ ‹ዛሬ ማንም አይቆፍርም ተባልሁ፣ ምን ላድርግ?› እያለ ጠላውን ይጨልጣል። ድንጋይ መርማሪው ጌሾ ሲመረምር ዋለ ብለን ሳቅንበት።»

«ጠጪ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! እንዳገሩ የኖረ ነው። ይህን ጋን አየኸው? ከዚሁ ጎራ ሥር ከወጣ ጭቃ የተሠራ ነው። እሱም አንሥቶ ‹ይህ ጭቃ ከየት መጣ?› ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። ከዚያ መልሶ ቀዳ።»

ገነነ ሳቀ። የጋንና የጠላ ወሬ ለነፍስ ግድያ ምን ያደርጋል ብሎ በደብተሩ አላሰፈረውም።

*

በማግሥቱ የክንፈሚካኤልን ጉዳይ ያዘ። ሳጅን ክንዱ ከቢሮው ተላላኪዎች ሰምቶ እንደመጣው፣ ወንዳወቅና ኃላፊው በሞቱ ዋዜማ በር ዘግተው ተጯጩኸዋል።

«ፈቃድ ጠየቀኝ፣ ከለከልሁት» አለ ክንፈሚካኤል ዓይኑን ሳያነሣ።

«ለፈቃድ ነው ‹ሰው ታስፈጃለህ› ያለህ?»

«ማን ነው ይህን ያወራ?»

«እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

«ደክሞት ነበር። የደከመው ሰው ብዙ ይላል። ለማንኛውም እኔ ያን ሌሊት ፍኖተ ሰላም ነው ያደርሁት፣ ስብሰባ ነበረ። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ከማን ጋር እንደነበርሁ አለቃህን ጠይቀው፣ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ሆቴሉም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው ቁልፌን የተቀበለኝ።»

ገነነ ሆቴሉንም፣ ሾፌሩንም፣ ስብሰባ የዋሉትንም ጠየቀ፤ ሁሉም እንዳለው ሆነ። ከኮማንደሩ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው በላይ ንጹሕ ከየት ይገኛል! ያ መንገድ ተዘጋ።

የቀረችው እሌኒ ነበረች። እሌኒ ቡሬ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተሩን ሥራ የምትሠራ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ወንዳወቅን ትወደው እንደነበር ሳትናገር ያስታውቃል።

ስክሪኑ ላይ ቀይ ጎራን አመጣችለት። ገነነ አፉን ከፈተ። ተራራው እንደ ዳቦ ተነሥቶ ይዞራል፤ እሷ ስትፈልግ ከላይ ታሳየዋለች፣ ስትፈልግ መሐሉን ቆርጣ ሆዱን ትከፍተዋለች።

«ከላይ ቀዩ አፈር ነው። ከሥሩ ይሄ ጥቁሩ አለት። ሐይቁ የሚነካው ተረከዙ አለት ስለሆነ ውሃ አይጎዳውም። አሥራ ስምንት ሜትር የተባለው ከዚህ ሞዴል ወጥቶ ነው፤ ሳጥኑም ያን ቁጥር ነው የሚጠብቀው።»

«ከሥር ያለውን ማን አየው?»

«ስድስት ጉድጓድ ተቆፍሯል። በጉድጓዶቹ መሐል ያለውን ኮምፒውተሩ አስልቶ ይሞላዋል።»

«ጉድጓዱ የዋሸ እንደሆነ?»

እሌኒ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ኮምፒውተሩ የነገሩትን ያምናል።»

ገነነ ከልማዱ የተነሣ የጉድጓዶቹን ዝርዝር በደብተሩ ገለበጠ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀኑም በፈረንጅ ነው። በጎራው ተረከዝ ያሉት ሁለቱ፦ ጉድጓድ አራት፣ ኖቬምበር ሃያ አንድ፤ ጉድጓድ አምስት፣ ኖቬምበር ሠላሳ። ሁለቱም በሁለት ሜትር ጥልቀት አለት ይላሉ።

«ከመሞቱ በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሞዴሉን ብቻውን እንደገና ሲሠራ ነበር። አላሳየኝም። በፍላሽ ገልብጦ ከኮምፒውተሩ አጠፋው።»

ፍላሹ በኪሱ እንዳለ አብሮት ውሃ ገብቶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የቀረው የብረት ሳጥኑ ማስታወሻ ነው፤ ሳጥኑ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ያን ለማንበብ የሚያስፈልገው ልዩ ገመድ ግን ከባሕር ዳር መምጣት ነበረበት፤ መጣ ሲሉት አልመጣም፣ ተላከ ሲሉት አልተላከም፣ እንዲህ እያለ ስድስት ቀን ፈጀ። በዚህ መሐል ኮማንደሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይደውላል። አያ ሐብቴ እንደ ዝምታቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ብቻ ዘቡን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦

«ሰሙ አለ?»

«አለ፣ አያ።»

«ተመስገን።»

ገመዱ ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን ደረሰ። እሌኒ ላፕቶፗን ይዛ መቆጣጠሪያው ክፍል ገባች፣ ገነነ ማኅተሙ እንዳይነካ እያሳሰበ ከኋላዋ ቆመ። ቁጥሮቹ ወረዱ። ልጅቷ አንዱ ላይ ጣቷን አኑራ ፈዘዘች።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት፣ ሊነጋ ሲል። ‹በእጅ› ላይ ተደረገ። በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፈተ። የገባው የሚስጥር ቁጥር…» ወደ ገነነ ዞረች። «የራሱ ነው። የወንዳወቅ ቁጥር ነው።»

*

ገነነ ጣቢያው ሲመለስ የኤግዚቢቱን ጆንያ አስገለበጠ። ማዞሪያው ብረት፣ የተቆረጠው ገመድ፣ ገመዱ የተቆረጠበት ፒንሳ፣ አንድ ጥንድ ጫማ።

«ክንዱ፣ ይህ ጫማ የት ነበር?»

«ከበሩ ደረጃ አናት ላይ፣ ጌታዬ። እንዳይሰረቅ ብዬ አነሣሁት።»

«እንዴት ተቀምጦ?»

«ጎን ለጎን። እንደ ቤተ ክርስቲያን በር።»

«ይህን ሳትነግረኝ አሥር ቀን!»

«መዝግቤዋለሁ እኮ። ‹አንድ ጥንድ ጫማ› ይላል።»

ገነነ እጁን ጫማው ውስጥ ሰደደ። ካልሲዎቹ ተጣጥፈው ውስጥ ገብተዋል፤ በአንደኛው ካልሲ ውስጥ ደግሞ መነጽሩ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሊገድሉት የያዙት ሰው መነጽሩን በካልሲ አይጠቀልልም። ሮጦ ወደ ግድቡ ተመለሰና በደረጃው ወረደ። ከበሩ ማንሸራተቻ ጎድጎድ ውስጥ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ግማሹ ተወሽቆ ቆሟል፤ ከጎኑ እንደ መዶሻ ያገለገለ ድንጋይ። ደረጃው በአረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ተሸፍኗል፤ ገነነ ራሱ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

ነገሩ ተገለጠለት። ማንም ማንንም አልገደለም። ወንዳወቅ በሩን ራሱ ከፈተ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ግንዱን ሊወሽቅ ወረደ፣ አዳለጠው፣ ጭንቅላቱ ደረጃው ላይ አረፈ፣ ውሃው ወሰደው። ለምን ከፈተ የሚለው አልተፈታም፤ እሱን አያ ሐብቴ ሲፈቱ በእርጋታ ይነግሩኛል አለ። ሽማግሌውን ነገ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስዳቸው መኪና ተይዟል፤ የፈረስ ቤቱ ገበሬ ፊት ደግሞ ከዓይኑ አልጠፋም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ገነነ ግን በዚያች ቀን ተረት የሚያስብበት ልብ አልነበረውም፤ ደስ ብሎት ነበር፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። ሪፖርቱን በአንድ ትንፋሽ ጻፈው፣ ሳጅን ክንዱም በሞተር ብስክሌት ይዞት በረረ።

ኮማንደሩ ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት ደወለ። «ጎበዝ! ሥራ ላይ ሳለ በድንገተኛ አደጋ ሞተ፤ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ፈርሜበታለሁ። ሽማግሌውን ልቀቅ። ማኅተሙን እንዲያነሡ ልጆች ልኬያለሁ። የተያዘውንም ዕቃ ለባለቤቱ አስረክብ።»

ገነነ ማዞሪያውን ብረት በፊርማ ለክንፈሚካኤል ሰው አስረከበ። ከዚያ እያፏጨ ወደ እስር ቤቱ ሄደ።

*

«አያ ሐብቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ነጻ ነዎት። ልጁን ማንም እንዳልገደለው አረጋግጫለሁ።»

ሽማግሌው አልተነሡም። «በሩስ?»

«የምን በር?»

«ሰሙስ፣ ልጄ?»

«ማኅተሙ ተነሥቷል። ሊዘጉት ነው መሰለኝ። እርስዎን ከዚህ በኋላ የሚመለከትዎት ነገር የለም።»

አያ ሐብቴ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ለቅሶ እንደተነገረው ሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዛወዙ።

«ምነው! ምነው ትንሽ ብትቆይ! መስከረም እስኪጠባ፣ ዝናቡ እስኪያባራ! አትቸኩል አላልሁህም?»

ገነነ ከፊታቸው ተንበረከከ። ያን ጊዜ ሽማግሌው አሥራ ሁለት ቀን የያዙትን ባንዴ አወጡት።

«ጎራው ተሰንጥቋል። ከአናቱ፣ ከብቶች ከሚውሉበት፣ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ። እኔ ነኝ ለወንዳወቅ ያሳየሁት። ሲያየው ፊቱ አመድ ሆነ። ‹አያ፣ በድያችኋለሁ› አለኝ። ከጎራው ተረከዝ ሁለት ጉድጓድ መቆፈር ነበረበት። አንዱ ቀን የኅዳር ሚካኤል ዋለ፣ ሌላው ጽዮን ማርያም ዋለች። በታቦት ቀን መሬት የሚወጋ በኛ አገር ማን አለ? ቆፋሪ አጣ። ቢሮው ሪፖርት አምጣ ብሎ ወጥሮታል። ጊዜው አለቀና ሁለቱን ጉድጓድ በግምት ጻፋቸው። በሌሎቹ ጉድጓዶች አለት ስለወጣ እዚህም አለት ነው አለ። አለት አይደለም! ሸክላ ሠሪ የሚዝቀው ጭቃ ነው፣ ሕፃን ያውቀዋል። በጠላው ጋን ላይ እንኳ ነግረነው ነበር። ያን ጊዜ አልከበደውም።»

ገነነ ደብተሩን አወጣ። በጣቱ ቆጠረ። ኖቬምበር ሃያ አንድ ኅዳር አሥራ ሁለት ይሆናል፣ ሚካኤል ነው። ኖቬምበር ሠላሳ ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጽዮን ማርያም። ሁለቱ በዓላት በፈረንጅ ቀን ተሸፍነው በደብተሩ ውስጥ ስንት ቀን ተኝተዋል! መሪጌታም ነግረውት ነበር፣ እሱ ግን ስለ ጠላ ነው ብሎ ሳቀ።

«እንደገና ቢያሰላው ሐይቁ አሥራ አምስት ሜትር ሲያልፍ ጭቃው ይርሳል፣ ጎራው ከነመንደሩ ይንሸራተታል አለ። ለአለቃው ነገረ። ሞዴሉ ጸድቋል፣ ምርቃት ደርሷል አሉት። ሊነጋጋ ሲል እኔ ዘንድ መጣ። በሩን ከፈተው፣ ገመዱን ቆረጠው። ብረቱን ‹ደብቁልኝ› ብሎ ሰጠኝ። ‹እኔ ግንድ እወሽቅበታለሁ፣ ሳምንት ቢያገላብጡት እንዳይዘጉት› አለ። ደብቄ ስመለስ የለም። ብቻውን ወረደ፣ ልጄ። ብቻውን።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አያ?»

«ሊቁ ነግሯቸው ያልሰሙትን ዘበኛ ቢነግራቸው ይሰማሉ? ኋላ ግን ያን ቀይ ሰም አየሁ። እሱ ነፍሱን ሰጥቶ ያልዘለቀለትን አንዲት ጠብታ ሰም ስትይዘው አየሁ። ነገሩ እስኪጣራ አልኸኝ። ገደልሁ ብል ይጣራል። አልገደልሁም ብል ይጣራል። ዝም ካልሁ አይጣራም።»

*

ገነነ ፍኖተ ሰላም በርሮ ሄደ። ኮማንደር ይሄይስ እስከ መጨረሻው አዳመጠው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ፍላሹ አለ?»

«ውሃ በልቶታል።»

«አዲሱ ሞዴል?»

«አጥፍቶታል።»

«ታዲያ ምን ይዘሃል? የአንድ ዘበኛ ቃልና የታቦት ቀን። በዚያኛው ወገን ባለሙያዎች የፈረሙበት ሪፖርት አለ። አንተ ፖሊስ ነህ ወይስ ጂኦሎጂስት? ደግሞ መዝገቡን የዘጋኸው ራስህ ነህ። ምን ብዬ ልክፈተው?»

ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄደ። ክንፈሚካኤል ቡና አዞለት፣ በትዕግሥት ሰማውና «ሟቹን ማዋረድ ነው» አለው። ሲናገር ግን የራሱን ስኒ ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠ፤ ገነነ አየው፣ ያልተጠጣ ቡና ማስረጃ አይሆንም እንጂ።

አምባዬ ሄዶ ሰዎቹን ሰበሰበ። አምስት አባወራ ዕቃውን ጭኖ ወጣ። የቀሩት ጤፉን አዩ፣ በጎቹን አዩ፣ አዲስ ዓመት በሰው ቤት የሚውለውን ልጅ አዩ። «መሣሪያው አለት ብሏል አይደለምን? መንግሥት ይዋሻል?» አሉ። በማግሥቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁከት የሚነዛ ሁሉ ፀረ ልማት መሆኑን እያስታወቀ ዞረ። ከአምስቱ ሁለቱ ተመለሱ። እሌኒ ጎራውን እንደገና ላሰላ ብላ ብትነሣ ኮምፒውተሩ በቁልፍ ተቆልፎ ጠበቃት። ግድቡ ላይ ደግሞ ሁለት የታጠቁ ሚሊሻዎች ቆመዋል፤ ገመዱ ተቀጥሏል፣ ግንዱ ተነቅሏል፣ ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። አሥራ ስምንት በል ብለውታል፣ እሱም ሳይደክም፣ ሳይጠራጠር አሥራ ስምንትን ይጠብቃል። ገነነ ከሳጥኑ ፊት ቆሞ አለቀሰ። የሚያስረው ሰው እንኳ አጣ።

ጳጉሜ አምስት ቀን ውሃው አሥራ አራት ሜትር ከስልሳ ደረሰ። ሰማዩ ከቾቄ ተራራ በኩል ጠቁሯል።

በዚያች ጠዋት አያ ሐብቴ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ጣቢያው ደጅ ቆሙ። ንግሥቴ የስንቅ አገልግል ይዛ ከኋላቸው አለች።

«ልፈርም ነው የመጣሁ» አሉ። «እኔ ነኝ የገደልሁት። ጻፍ። መዝገቡን ክፈትና ሰሙን መልስልኝ።»

«አያ ሐብቴ…»

«በድንጋይ መታሁት በል። ቂም ነበረኝ በል፤ የውሃ አባትነቴን የነጠቀኝ የሱ ግድብ ነው በል። እኔ ምን ቀረኝ? ብትሰቅሉኝም ደግ።»

«አይሆንም» አለ ገነነ። «ንጹሕ መሆንዎን በማስረጃ ያረጋገጥሁት እኔ ነኝ። ጫማውን፣ ካልሲውን፣ ሳጥኑን፣ ሁሉን ጽፌዋለሁ። አሁን ቢምሉም የሚያምንዎት የለም።»

ንግሥቴ ወደ ገነነ ቀረበች። «ጌታው፣ አንቱ የተማሩ ነዎት። በደንብ አድርገው የጻፉትን በደንብ አድርገው ማጥፋት አይችሉም?»

ሽማግሌው ፈቃድ ሳይጠይቁ ገነነን አልፈው ገቡ፣ የባዶውን እስር ቤት በር ራሳቸው ከፈቱ፣ ጋቢያቸውን ዘርግተው በዚያው በለመዱት ቦታ ተቀመጡ። ሳጅን ክንዱ መዝገቡን ይዞ መጣ፣ አለቃውን ቀና ብሎ አየው።

«በምን ወንጀል ብዬ ልመዝግባቸው፣ ጌታዬ?»

ገነነ ወደ ሽማግሌው አየ። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መውደቅ ጀመሩ፤ ክንዱ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ መልሱን ይጠብቅ ነበር።